ለማይታየው ገዢ መጻፍ

የንግድ ጽሑፍ እንዴት ይጻፍ የሚለው ጥያቄ በባልደረቦቻችን መካከል በተነሣ ቁጥር፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ቃላት ማማርና ስለ ዐረፍተ ነገር ርዝመት ይሆናል። ቃል ቢያምር፣ ዐረፍተ ነገርም ቢያጥር መልካም ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጽሑፉ የሚጻፈው ለማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ በተግባር ሲታይ አብዛኛው የድርጅት ደብዳቤና ማስታወቂያ ስለ ጸሐፊው እንጂ ስለ አንባቢው አይናገርም። ድርጅቱ መቼ እንደ ተመሠረተ፣ ምን ያህል እንደ ገነነ፣ ሥራ አስኪያጁም ምን እንዳሰቡ ይተርካል። አንባቢው ግን ሊያውቅ የፈለገውን፣ ማለትም ዋጋውን፣ ጥራቱንና ዕቃው የሚደርስበትን ቀን ከገጹ ግርጌ ሲፈልግ ይደክማል።

ይህን ነገር በሐተታ ከማስረዳት በታሪክ ማሳየት ይሻላል። ለዚህም በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ከተነሡት፣ ዕቃ በፖስታና በባቡር እየላኩ ይሸጡ ከነበሩት የንግድ ቤቶች የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። እነዚህ ቤቶች ሲጀምሩ ለገዢ የተከፈተ ሱቅ አልነበራቸውም፤ ከደንበኛ ፊት ቆሞ የሚያግባባ ሻጭ አልነበራቸውም፤ ዕቃ የሚታይበት መስኮትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል ሻጩም፣ ሱቁም፣ መስኮቱም እርሱ ራሱ ነበር። ጽሑፉ ካላሳመነ የሚሸጥ ነገር አይኖርም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

በመጀመሪያ የገዢውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1861 እስከ 1865 ከተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በምዕራቡ ሜዳ የሰፈረው ገበሬ፣ ከከተማ ርቆ፣ ከጎረቤቱም ተነጥሎ የሚኖር ሰው ነበር። ጨው ቢፈልግ፣ ጨርቅ ቢፈልግ፣ ማረሻ ቢፈልግ የሚሄደው ወደ አንዲት የመንደር ሱቅ ነው። በዚያ ሱቅ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም አልተጻፈበትም። ባለሱቁ እንደ ሰውየው ማንነት ዋጋ ይጠራል። ዱቤ ይሰጣል፤ አዝመራ ሲደርስ ደግሞ ራሱ የያዘውን መዝገብ ገልጦ ያስከፍላል። ገበሬው ተበድያለሁ ቢል የሚሄድበት ሌላ ሱቅ የለውም። ይህ ቅሬታ እየበረታ በሄደ ጊዜ ነው ገበሬዎች በ1867 ግሬንጅ በመባል የታወቀውን ማኅበር መሥርተው፣ ከመካከለኛ ነጋዴ ለመላቀቅ መንገድ መፈለግ የጀመሩት።

አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ ይህን ቅሬታ በጆሮው የሰማ ሰው ነበር። በ1844 የተወለደው ዋርድ፣ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ ለባለሱቆች ጨርቃ ጨርቅ የሚያከፋፍል ሻጭ ሆኖ ሠርቷል። ለባለሱቆች ቢሸጥም፣ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ዋጋ መወደድና ስለ ዕቃ መበላሸት የሚያማርሩትን ገበሬዎች ሲያዳምጥ ነበር። የመጀመሪያ ዕቃውን በቺካጎ ካከማቸ በኋላ በ1871 ዓመት ከተማዪቱን ያወደመው ታላቅ ቃጠሎ አጠፋበት። በተከታዩ ዓመት፣ በ1872፣ እንደገና ተነሥቶ 163 ዓይነት ዕቃ የተዘረዘረበት አንድ ነጠላ ወረቀት አሳትሞ ለግሬንጅ አባላት በተነ። ወረቀቱ ሥዕል የለበትም፤ ውዳሴም የለበትም። የዕቃው ስም፣ ዋጋው፣ ትእዛዝ የሚላክበትም መንገድ ብቻ ተጽፎበታል። ለዘመናችን የማስታወቂያ ሰው ይህ ደረቅ ዝርዝር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ዋጋ ተጽፎ አይቶ ለማያውቅ ገበሬ፣ የተጻፈ ዋጋ ከማንኛውም ውዳሴ ይበልጥ የሚናገር ነበር።

ይሁን እንጂ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ራሱ ጥርጣሬን ወለደ። በ1873 የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ፣ ሱቅ የሌለው ይህ ቤት አጭበርባሪ ስለሆነ ገበሬዎች እንዲጠነቀቁ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዋርድ ተቃውሞውን ካቀረበ በኋላ ጋዜጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነገሩን መርምሮ ቃሉን አነሣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጋዜጣው የጻፈው በእርግጥ ገበሬውም በልቡ የሚያስበውን ነበር። ሰው ያላየውን ዕቃ፣ ከማያውቀው ሰው፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ልኮ እንዴት ይገዛል? ዋርድ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በንግድ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በ1875 ዕቃውን ያልወደደ ደንበኛ ቢመልስ ገንዘቡ እንደሚመለስለት በጽሑፍ ዋስትና ሰጠ።

ይህን ዋስትና ብዙዎች እንደ ንግድ ብልሃት ብቻ ይመለከቱታል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ጽሑፍ ሥራ እመለከተዋለሁ። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት በአንባቢው ወንበር ተቀምጦ፣ የአንባቢውን ፍርሃት ፈርቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የጻፈው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ገበሬውም የተጻፈውን ወረቀት በእጁ ይዞ ሊከራከርበት እንደሚችል ያውቅ ነበር። በዚህ መንገድ የተጀመረው ነጠላ ወረቀት በ1883 ዓመት 240 ገጽ፣ ወደ 10,000 የሚጠጋ የዕቃ ዓይነት የያዘ መጽሐፍ ሆነ።

የዋርድ ጽሑፍ ጨዋና ቁጥብ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሪቻርድ ዋረን ሲርስ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በ1863 በሚኒሶታ የተወለደው ሲርስ፣ ኖርዝ ሬድውድ በምትባል ትንሽ ቦታ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሳለ፣ በ1886 አንድ ነጋዴ አልቀበልም ያለው የኪስ ሰዓት ጭነት እጁ ገባ። ሰዓቶቹን በባቡሩ መሥመር ላሉ የሥራ ጓደኞቹ በጽሑፍ እያግባባ ሸጣቸው። በተከታዩ ዓመት ወደ ቺካጎ ተዛውሮ፣ አልቫ ሮባክ የሚባል ሰዓት ጠጋኝ ቀጠረ፤ በ1893ም ሲርስ፣ ሮባክና ኩባንያው የተባለው ስም ጸና። በ1894 ያወጣው መጽሐፍ 322 ገጽ ነበረው፤ በ1895 የወጣው 532 ገጽ ደረሰ። ከጽሑፉ አብዛኛውን የጻፈው ሲርስ ራሱ ነው። ከዋርድ መጽሐፍ አነስ አድርጎ ያሳተመውም ሆነ ብሎ እንደ ሆነ ይተረካል፤ የቤት እመቤት መጻሕፍቱን ስትደራርብ ትንሹን ከትልቁ በላይ ታስቀምጣለችና።

የሲርስን መጽሐፍ ዛሬ ገልጦ ለሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የማብራሪያው ብዛት ነው። ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚላክ፣ ልብስ ለማዘዝ ደረትና ወገብ በሜትር እንዴት እንደሚለካ፣ የዕቃው ክብደት ስንት እንደ ሆነና በባቡር ሲጓጓዝ ስንት እንደሚያስከፍል በዝርዝር ተጽፏል። ከዚህም በላይ፣ ደንበኛው በማንኛውም ቋንቋ፣ በፈለገው አጻጻፍ፣ የእጅ ጽሑፉ ይመር ይበላሽ ሳይጨነቅ ሊጽፍ እንደሚችል ይነግረዋል። በጊዜው ከጀርመንና ከስዊድን የመጡ ብዙ ሰፋሪዎች ስለ ነበሩ፣ ማብራሪያው በእነርሱም ቋንቋ ታትሟል።

ይህ ነጥብ ቆም ብለን እንድናስብበት ያስገድዳል። ብዙ ጊዜ አንባቢን ማክበር ማለት ማዕረጉን መጥራት፣ በትሕትና ቃላት መክበብ ይመስለናል። ሲርስ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ፊደል በቅጡ ያልቆጠረ ገበሬ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲነሣ የሚሰማውን እፍረት አስቀድሞ አወቀ፤ ያንን እፍረት በሁለትና በሦስት መሥመር አስወገደለት። ብዙ ሰው ዕቃ ከመግዛት የሚታቀበው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን ሞኝ መስሎ መታየትን ፈርቶ ነው። ይህን የተረዳ ጸሐፊ፣ ውብ ቃላት ከሚደረድር ጸሐፊ የበለጠ ሥራ ይሠራል።

መንደሩን ማወቅም ከአንባቢው ጋር ይያያዛል። በብዙ ቦታ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ራሱ የመንደሩ ባለሱቅ ነበር። ገበሬው ለቺካጎ ደብዳቤና ገንዘብ ለመላክ ቢመጣ፣ የሚያስረክበው ለተፎካካሪው ማለት ነው። ባለሱቁም ማኅተም አልሸጥልህም፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ወረቀትም የለኝም ሊለው ይችል ነበር። የገጠር ነጻ የፖስታ እደላ በ1896 ከተጀመረ በኋላ፣ መጽሐፉ ደንበኛው ደብዳቤውንና ገንዘቡን በቀጥታ ለፖስተኛው እንዲሰጥ፣ ቀሪውን ፖስተኛው እንደሚያከናውንለት መምከር ጀመረ። ምክሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የጸሐፊው ዓይን የቱን ያህል እስከ ገበሬው ደጃፍ ድረስ እንደሚያይ ያስረዳል።

በደቡቡ ክፍል ደግሞ ይህ ምክር ከንግድ ያለፈ ትርጉም ነበረው። በዘር መድልዎ ሕግ ሥር ይኖር የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ፣ በመንደሩ ሱቅ ነጮቹ ሁሉ እስኪስተናገዱ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ጥሩ ዕቃ ቢፈልግ የሚከለከል፣ በዱቤም የታሰረ ሰው ነበር። መጽሐፉ ግን መልኩን ሳያይ፣ ለነጩ በጠራው ዋጋ፣ ያንኑ ዕቃ ይልክለታል። የደቡብ ባለሱቆች ይህን ባዩ ጊዜ ሲርስና ሮባክ ጥቁሮች ናቸው የሚል ወሬ ነዙ። ኩባንያው ነጭነታቸውን ለማስረዳት የሁለቱን ሰዎች ፎቶግራፍ አሳተመ። ይህም የሚያሳየን ነገር ቢኖር፣ ቤቱ የተዋረደውን ደንበኛ ሲያገለግል የኖረው ለፍትሕ ተቆርቁሮ ሳይሆን ለሽያጭ ብሎ መሆኑን ነው። ቢሆንም፣ ለማይታይ ገዢ የተጻፈ ጽሑፍ፣ ገዢው የማይታይ በመሆኑ ብቻ፣ ባለሱቁ የነፈገውን አክብሮት ሰጥቶታል። በሌላ በኩል ባለሱቆቹ ዝም አላሉም። በአንዳንድ ከተሞች ሕዝቡ የዕቃ ዝርዝር መጻሕፍቱን አምጥቶ በአደባባይ እንዲያቃጥል ይቀሰቅሱ፣ ላመጣም ሽልማት ይሰጡ ነበር።

አንባቢዎቹ በበኩላቸው መልስ ይጽፉ ነበር። ለዋርድ ቤት የሚመጡት ደብዳቤዎች ስለ ዕቃ ብቻ የሚናገሩ አልነበሩም። ለምን ትእዛዝ እንዳዘገዩ፣ አዝመራው እንዴት እንደ ከፋ፣ በቤታቸው ማን እንደ ታመመ እያብራሩ የሚጽፉ ነበሩ፤ ሚስት ፈልጉልኝ ያሉም አልጠፉም። ጸሐፊዎቹም በትሕትና ይመልሱ ነበር። ሰው አንድ ሺህ ጊዜ ለታተመ ጽሑፍ ለወዳጅ እንደሚጽፍ አድርጎ የሚመልሰው፣ ጽሑፉ ለእርሱ ብቻ የተጻፈ መስሎ ሲሰማው ነው። ሲርስ ይህንን ዝምድና አውቆ ሠርቶበታል። በ1905 ገደማ በአይዎዋ ግዛት ለሚገኙ ነባር ደንበኞቹ ደብዳቤ ጽፎ፣ እያንዳንዳቸው 24 መጽሐፍ ለጎረቤቶቻቸውና ለወዳጆቻቸው እንዲያድሉ ጠየቀ። ከአዲሶቹ ሰዎች በመጣው ትእዛዝ ልክ ለአዳዩ ሽልማት ይሰጠው ነበር። ነገሩ ስለ ተሳካለት ወደ ሌሎች ግዛቶችም አስፋፋው።

ይሁንና የሲርስ ብዕር ሌላ ገጽታ አለው፤ ይህንን ሳይናገሩ ማለፍ ታሪኩን ማዛባት ይሆናል። አንባቢን ማወቅ፣ አንባቢን የማታለል ኃይልም ይሰጣል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ የታተሙት መጻሕፍቱ፣ ለደከመ ወንድ ብርታት ይመልሳል የተባለ የኤሌክትሪክ ቀበቶ በ18 ዶላር ይሸጡ ነበር። ለሴቶች የፊት ጥራት ይሰጣል የተባለ አርሴኒክ ያለበት እንክብል፣ ምንም ጉዳት የለውም የሚል ማረጋገጫ ታክሎበት ቀርቧል። ከመጠጥና ከትምባሆ ሱስ ያላቅቃሉ የተባሉ መድኃኒቶችም ነበሩ። እነዚህን ገጾች የጻፈው ሰው የአንባቢውን ልብ አላወቀም ማለት አይቻልም። በሌሊት ብቻውን የሚጨነቀውን፣ ለሐኪም ለመናገር የሚያፍረውን፣ ሐኪምም በአቅራቢያው የሌለውን ገበሬ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ያንን እፍረት ነው የሸጠው። ከላይ ለመጻፍ የሚያፍረውን ሰው ያበረታታው ጥበብና ይህኛው፣ አንድ እጅ የጻፋቸው አንድ ጥበብ ናቸው።

ሲርስ በዕቃው ውዳሴም ልክ አያውቅም ነበር። ገንዘብ አትላኩ፣ ዕቃውን አይታችሁ ክፈሉ እያለ ባሠራጨው ማስታወቂያ ትእዛዝ እንደ ጎርፍ ሲመጣ፣ የላኪው ክፍል መድረስ አቃተው። አንድ ደንበኛ ጣቢያ በሄደ ቁጥር ሌላ የልብስ ስፌት መኪና እንደሚጠብቀው፣ አምስት እንደ ደረሰውና ከእንግዲህ እንዲበቃው ተማጽኖ እንደ ጻፈ ይተረካል። የሚመለሰው ዕቃም በዛ። እንግዲህ ጽሑፉ ከዕቃውና ከአሠራሩ በላይ ቃል በገባ ቁጥር፣ የተመላሽ ዕቃው መጠን ውሸቱን በቁጥር ያሳይ ነበር ማለት ነው።

በ1895 ወደ ኩባንያው የገባው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ከልብስ ንግድ የመጣ ሰው ነበር። እርሱ ጽሑፉ በዕቃው ልክ እንዲሆን፣ ማጋነኑም እንዲቀንስ ይከራከር ነበር። ሁለቱ ሰዎች በግልጽ የተለያዩት በ1907 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ነው። ሲርስ ንግድ ሲቀዘቅዝ ማስታወቂያ ይብዛ አለ፤ ሮዘንዋልድ ወጪ ይቀነስ አለ። የሮዘንዋልድ ሐሳብ ጸንቶ፣ ሲርስ በ1908 ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ፤ በ1914ም ዐረፈ። በ1911 ኩባንያው የሚሸጠውን ዕቃ የሚመረምር ላቦራቶሪ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ስለ አንድ ጨርቅ ሱፍ ነው ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ጨርቁ ሱፍ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ሰው አገኘ። መድኃኒቶቹም ቀስ በቀስ ከመጽሐፉ ወጡ። በእኔ አስተያየት ለንግድ ጽሑፍ ሙያ ከተደረጉት ውለታዎች ይህ ላቦራቶሪ ከየትኛውም የአጻጻፍ መመሪያ ይበልጣል።

ከዚህ የፖስታ ንግድ የተማሩ ሰዎች በኋላ የማስታወቂያን ሙያ ለውጠዋል። በ1904 ጆን ኬኔዲ የተባለ ጸሐፊ፣ ሎርድና ቶማስ በተባለው የቺካጎ ድርጅት ለሚሠራው አልበርት ላስከር፣ ማስታወቂያ ማለት በኅትመት የሚደረግ ሻጭነት ነው ብሎ አስረዳ። በ1923 የወጣው የክሎድ ሆፕኪንስ መጽሐፍም፣ ተቆርጦ በሚላክ ኩፖን የትኛው ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳመጣ መቁጠርን የሥራው መሠረት አደረገ። ይህ ሁሉ ገበሬው በላከው የትእዛዝ ወረቀት ቀድሞ ይታወቅ የነበረ ነው። የፖስታ ነጋዴ ጽሑፉ መውደቁን ለማወቅ የማንንም አስተያየት አይጠይቅም፤ የጧቱን የደብዳቤ ጆንያ ማየት ይበቃዋል።

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ አምጥተን ስንመለከተው፣ ቋንቋችን ለጸሐፊው አንድ ተጨማሪ ሸክም እንደሚያሸክም እናያለን። እንግሊዝኛ ለባለጸጋውም ለድኻውም፣ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም የሚጠቀምበት የሁለተኛ መደብ ቃል አንድ ነው። እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ከሚሉት አንዱን ሳንመርጥ አንድ መሥመር መጻፍ አንችልም። አንተ ብንል ሽማግሌው ይቀየማል፤ እርስዎ ብንል ወጣቱ ከሩቅ የተጠራ ይመስለዋል፤ እናንተ ብንል አንባቢው ከሕዝብ መካከል ይጠፋል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ጸሐፊ ከነጭራሹ አንባቢውን መጥራት ትቶ፣ ድርጅታችን፣ አገልግሎታችን፣ ዓላማችን ወደሚለው ይሸሻል፤ ወይም ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደ ተሞከረው በሚለው ዐረፍተ ነገር ይሸሸጋል። ነገር ግን ችግሩ ከተውላጠ ስሙ ብቻ አይመነጭም። በገበያችን ሻጭ ገዢውን ሲያነጋግር እናቴ፣ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ እትዬ እያለ፣ ዕድሜውንና ሁኔታውን በዓይኑ መዝኖ፣ ትክክለኛውን መጠሪያ ያለ ችግር ያገኛል። ወረቀት ላይ ሲደርስ የሚጠፋበት ሰውየውን ስለማያየው ነው። አንባቢው ማን እንደ ሆነ በቅድሚያ የወሰነ ጸሐፊ፣ እርስዎና አንተ የሚለውን ጥያቄ ግማሹን ፈትቶታል። ለባለዕርሻ የሚጽፍ እንደ ሆነ ማክበሪያውን ይዞ ስለ ዘሩ መጠንና ስለ ዝናቡ ወራት ይናገር፤ በዚያን ጊዜ እርስዎ የሚለው ቃል የርቀት ሳይሆን የአክብሮት ይሆናል።

የዕቃ ዝርዝር መጻሕፍቱ ዕድሜ ረጅም ነበር። በ1913 የጥቅል ፖስታ አገልግሎት መጀመሩ ንግዱን አበረታው። የአውቶሞቢል መብዛት ግን ገበሬውን ወደ ከተማ አቀረበው፤ በ1925 ሲርስ ራሱ ሱቅ መክፈት ጀመረ። የዋርድ ቤት አጠቃላይ የዝርዝር መጽሐፉን በ1985 አቆመ፤ የሲርስም በ1993 አበቃ። የ1897ቱ የሲርስ መጽሐፍ በ1968 እንደገና ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ምን ይለብስ፣ ምን ይበላ፣ በምን ያርስ፣ ምን ያሳፍረው፣ ምንስ ያስመኘው እንደ ነበር ለማወቅ የሚሹ የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬ ድረስ ይጠቀሙበታል።